ምርኩዝና ዘላይ፤ ከሮማ እስከ ፓሪስ ስለ ወንዶች የምርኩዝ ዝላይ ውድድር አጭር ጥናት

በክረምት የአቃቂ ወንዝ ሲሞላ የሰፈራችን ልጆች ወደ ወንዙ የሚወርዱትን ትንንሽ ጅረቶችና የውሃ መውረጃ ቦዮች በባሕር ዛፍ እንጨት እየተመረኰዙ ይሻገሩ ነበር። በሩጫ የመጣው ልጅ እንጨቱን ከውሃው መካከል ይተክልና ጫፉን እንደ ያዘ በአየር ላይ ተወንጭፎ ማዶ ይወድቃል። እኔም ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ። አንድ ቀን እንጨቱ ከወገቡ ተሰብሮ አንዱ ጓደኛችን ግንባሩን ተፈነከተ፤ እናቱም እንጨቶቻችንን ሁሉ ሰብስባ ለማገዶ ስላደረገቻቸው ጨዋታው በዚያው ቀረ። ይህን በመጀመሪያ ያነሣሁት ስለ ራሴ ለማውራት ሳይሆን፣ ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ስፖርት ለአገራችን ልጅ ጨርሶ እንግዳ ነገር አለመሆኑን አንባቢው ከወዲሁ እንዲያስበው ነው።

በኋላም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስማር፣ በቴሌቪዥን የምርኩዝ ዝላይ ውድድር ባየን ቁጥር ከጓደኞቼ አንዱ «ሐበሻ ለሩጫ እንጂ ለዝላይ አልተፈጠረም» ይል ነበር። ሌሎቹም ያምኑት ነበር። እኔም አምኜው ነበር። ኢትዮጵያ እስከ 2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳልያዎች ሁሉ በሩጫ፣ ያውም ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ባለው ርቀት የተገኙ ስለ ሆኑ ነገሩ እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ በአንድ ሥራ ስሙ አለመጠራቱ ለዚያ ሥራ ያልተፈጠረ መሆኑን አያስረዳም። ስለዚህ የዚህ ጥናት ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ በምርኩዝ ዝላይ ከፍታውን የሚወስነው ምንድር ነው? የዘላዩ አካል ነውን? ወይስ በእጁ የያዘው ዕቃ? (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር። ምርኩዝ «ተመረኰዘ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚሄድ ቃል ሆኖ፣ ሽማግሌ ወይም የታመመ ሰው የሚደገፍበትን በትር ያመለክታል። ካህናት በማሕሌት የሚደገፉበት መቋሚያም ዘመዱ ነው። እንግዲህ ስፖርቱን በአማርኛ ምርኩዝ ዝላይ ያለው ሰው የድካም መደገፊያ የሆነውን ዕቃ ለጉልበትና ለድፍረት ሥራ ሰጠው ማለት ነው። ስያሜው እንደ ቀልድ ቢመስልም ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች እንደምናየው የዚህ ስፖርት ታሪክ ከዘላዩ ይልቅ የተደገፈበት ነገር ታሪክ ነው።

የጨዋታው መነሻ የአቃቂ ልጆች ከሚጫወቱት የተለየ አይደለም። በሆላንድ አገር በፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር ገበሬዎች የውሃ ቦዮችን በረጅም እንጨት ይሻገሩ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ ድረስ ፊርልየፐን በሚባል ስም በውድድር መልክ ይደረጋል። በዚያ የሚለካው ከፍታ ሳይሆን ርቀት ነው። በከፍታ መወዳደር በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በጀርመን አገር ተለመደ። በሰሜን እንግሊዝ በኧልቨርስተን ከተማ አካባቢ የነበሩት ዘላዮች ጫፉ ሹል ብረት የተገጠመለትን ከባድ እንጨት መሬት ላይ ይተክሉና፣ እንጨቱ ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ እንደ ዛፍ በእጃቸው እየወጡበት ከላይ ሲደርሱ ይሻገሩ ነበር። አሜሪካኖች ይህ መውጣት እንጂ መዝለል አይደለም ብለው ከለከሉት። ዛሬም በዓለም አቀፉ ደንብ ዘላዩ ከመሬት ከተነሣ በኋላ የታችኛውን እጅ ከላይኛው በላይ ማድረግ ወይም የላይኛውን እጅ ወደ ላይ ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። ደንቡ መጀመሪያ የተጨነቀው ለእጅ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ስለ ምርኩዙ ግን ብዙ አልተናገረም።

በ1896 በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ዊልያም ሆይት 3 ሜትር ከ30 ዘሎ አሸነፈ። በዚያ ዘመን ምርኩዙ ከጠንካራ እንጨት የሚሠራ ስለ ነበር ከባድ ነው። ከ1900 ገደማ ጀምሮ ግን ቀርከሃ ቦታውን ያዘ። ቀርከሃ ውስጡ ክፍት በመሆኑ ቀላል ነው፤ ጥቂትም ይለመጣል። እንዳይሰነጠቅ በአንጓና በአንጓው መካከል በጨርቅ ወይም በፕላስተር ይጠመጥሙት ነበር። የቀርከሃ ዘመን ለአርባ ዓመታት ያህል የቆየ ሲሆን፣ ከዚያ ዘመን ውድድሮች ለእኛ አንባቢዎች ሊረሣ የማይገባው የበርሊኑ ነው።

ጣልያኖች አዲስ አበባን የያዙት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር ከሆነ በኋላ ሐምሌ 29 ቀን (ማለት ኦገስት 5 ቀን 1936) በበርሊን የምርኩዝ ዝላይ ፍጻሜ ተደረገ። ውድድሩ ሰዓታት ፈጅቶ ወደ ሌሊት ስለ ገባ በመብራት ተፈጸመ። አሜሪካዊው ኧርል ሜዶውስ 4 ሜትር ከ35 ዘሎ አንደኛ ሲሆን፣ ሁለቱ ጃፓናውያን ሹሄይ ኒሺዳና ሱዌኦ ኦኤ እኩል 4 ሜትር ከ25 ዘለሉ። ሁለተኛና ሦስተኛ መለየት በነበረበት ጊዜ ብሩ ለኒሺዳ፣ ነሐሱ ለኦኤ ሆነ። ወዳገራቸው ሲመለሱ ሁለቱ ጓደኛሞች ሜዳልያዎቻቸውን ለሁለት አስቆርጠው ግማሹን ብር ከግማሹ ነሐስ ጋር አጋጥመው አስበየዱትና እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ያዙ። ኦኤ በ1941 በጦርነት ሞተ። ኒሺዳ ግን እስከ 1997 ኖረ። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ሕዝብ በጫካና በበረሃ ይዋጋ ስለ ነበር የስፖርት ነገር የሚያስብ ሰው አልነበረውም። ሆኖም የዓለም ምርጥ ዘላዮች በበርሊን ይዘውት የነበረው ቀርከሃ፣ አርበኞቹ በተሸሸጉባቸው ደጋዎች ሳይተከል የሚበቅል ተክል ነበር። ይህን ስጽፍ ግጥምጥሞሹ ከሚገባው በላይ ትርጉም እንዳይሰጠው እሰጋለሁ፤ ቢሆንም መዝግቤዋለሁ።

የቀርከሃው ዘመን ከሁሉ የበለጠ ሰው አሜሪካዊው ኮርኔሊየስ ዋርመርዳም ነው። በ1942 በቀርከሃ 4 ሜትር ከ77 ዘለለ። ከጦርነቱ የተነሣ የ1940 እና የ1944 ኦሊምፒኮች ስላልተደረጉ በኦሊምፒክ አንድ ቀን እንኳ አልተወዳደረም። ከዚያ በኋላ የብረትና የአሉሚኒየም ምርኩዝ መጣ፤ ብረት ግን ከቀርከሃ ይልቅ ጠንካራና አስተማማኝ ይሁን እንጂ ከፍታን እምብዛም አልጨመረም። የዋርመርዳም ክብረ ወሰን ለ15 ዓመት ከቆየ በኋላ ነው በ1957 በአንድ ሳንቲ ሜትር የተሻሻለው። በ1960 ጁላይ ወር ዶን ብራግ በብረት ምርኩዝ 4 ሜትር ከ80 ዘለለ። እንግዲህ በ18 ዓመት ውስጥ የተገኘው ዕድገት 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

አሁን ወደ ሮማ ደርሰናል። ጳጉሜ 2 ቀን 1952 ዓ.ም. ዶን ብራግ በሮማ ስታዲየም 4 ሜትር ከ70 ዘሎ ወርቁን አገኘ። የአገሩ ልጅ ሮን ሞሪስ 4 ሜትር ከ60፣ የፊንላንዱ ኤለስ ላንድስትሮም 4 ሜትር ከ55 ዘለሉ። ብራግ ቁመቱ ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ ሰው ነበር፤ በፊልም ውስጥ ታርዛንን ሆኖ መሥራት ይመኝ ስለ ነበር ባሸነፈ ጊዜ የታርዛንን ጩኸት በሜዳው ላይ አሰማ። ከሦስት ቀን በኋላ ጳጉሜ 5፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በዚያችው ከተማ ሻምበል አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። በሦስት ቀን ልዩነት የታዩት ሁለቱ አሸናፊዎች ለዚህ ጥናት እጅግ የሚጠቅሙ ምሳሌዎች ናቸው። አንዱ ጫማ እንኳ አልያዘም። ሌላው ያለ ብረቱ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ከዚህም በላይ ብራግ በኦሊምፒክ በብረት ምርኩዝ ያሸነፈ የመጨረሻው ሰው ሆነ።

የሮማን ውጤት ከፓሪስ 2024 ውጤት ጋር ያመዛዘንሁት እነሆ። በፓሪስ የማራቶን አሸናፊ ኢትዮጵያዊው ታምራት ቶላ ሲሆን ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ነው፤ በ64 ዓመት ውስጥ ጊዜው የቀነሰው ከመቶ 6 ተኩል ያህል ነው። በርዝመት ዝላይ ከ8 ሜትር ከ12 ወደ 8 ሜትር ከ48 ሲደርስ ከመቶ 4 ተኩል አይሞላም። በከፍታ ዝላይ ከ2 ሜትር ከ16 ወደ 2 ሜትር ከ36፣ ይኸውም ከመቶ 9 ያህል ነው። በምርኩዝ ዝላይ ግን ስዊድናዊው አርማንድ ዱፕላንቲስ 6 ሜትር ከ25 ስለ ዘለለ ዕድገቱ 1 ሜትር ከ55፣ ወይም ከመቶ 33 ሆነ። ጥንቃቄ ማድረግ ይገባል፤ የሮማና የፓሪስ መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሰዓትና ሜትርም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የከፍታ ዝላይን ያስገባሁትም ለዚህ ነው። የከፍታ ዘላይም እንደ ምርኩዝ ዘላይ በአሠልጣኝ፣ በምግብና በስፖንጅ ፍራሽ ተረድቷል፤ በጀርባ መሻገርንም ከ1968 ወዲህ ተምሯል። ይህን ሁሉ አግኝቶ ከመቶ 9 ከጨመረ፣ በምርኩዝ ዝላይ የተገኘውን ከመቶ 33 የሰው ልጅ በመሻሻሉ ብቻ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? መልሱ የተነጠረ መስተዋት ነው። መስተዋቱ ቀልጦ እንደ ክር ይሳባል፤ ክሩ እንደ ጨርቅ ይሸመናል፤ ጨርቁ በብረት ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ ሙጫ በመሰለ ፈሳሽ ይነከርና በእሳት ሙቀት ይደርቃል። ዘንጉ ሲወጣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ እንደ ቀስት የሚጐብጥና ተመልሶ የሚቃና ቱቦ ይቀራል። ይህን ያነበብሁ ዕለት ሣቄ መጣ፤ አቃቂ ያደገ ልጅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ምን እንደ ሆነ ያውቃልና፣ የዓለም ዘላዮች በጨርቅ ተንጠልጥለው እንደሚዘሉ ማንም ሳይነግረኝ መቆየቱ አስገረመኝ።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ሯጭ በሴኮንድ 9 ሜትር ተኩል ቢሮጥና ይህ ፍጥነት ሳይባክን ሁሉም ወደ ላይ ቢለወጥ፣ በፊዚክስ ሕግ መሠረት ሰውነቱ 4 ሜትር ከ60 ያህል ይነሣል። የሰው የክብደቱ መካከል ሲቆም ከመሬት 1 ሜትር ያህል ስለሚርቅ ድምሩ ከ5 ሜትር ተኩል ያልፋል። በሴኮንድ 10 ሜትር ቢሆን ደግሞ ግማሽ ሜትር ይጨምራል። ምርኩዙ ከራሱ ምንም ጉልበት አይጨምርም፤ የሯጩን ጉልበት ተቀብሎ ይመልሳል እንጂ። ግትር የሆነው ብረት ግን ሲተከል ዘላዩን ስለሚያንገጫግጨው ከጉልበቱ ብዙው ይባክናል። ሁለተኛውና የሚበልጠው ነገር የእጅ ቦታ ነው። ግትር ምርኩዝ ላይ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ምርኩዙ ቀጥ ብሎ ሳይቆም ወደ ኋላ ይመለስበታል። የመስተዋቱ ምርኩዝ ግን ስለሚጐብጥ ለጊዜው ያጥራል፤ አጥሮ ይዞራል፤ ከዞረ በኋላ ይቃናል። በብረት ዘመን እጅ የሚያዘው ከ4 ሜትር ብዙም ሳይርቅ ሲሆን፣ የዘመናችን ታላላቅ ዘላዮች ግን በ5 ሜትር ገደማ ይይዛሉ።

የመስተዋት ምርኩዝ ከሮማ በፊትም ይታወቅ ነበር። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956 በሜልበርን፣ ግሪካዊው ዮርጎስ ሩባኒስ በዚህ ዓይነት ምርኩዝ ዘሎ ሦስተኛ ሆኗል። ነገር ግን ገና አልተመሰገነም ነበር። በ1961 አሜሪካዊው ጆርጅ ዴቪስ በመስተዋት ምርኩዝ 4 ሜትር ከ83 በመዝለል ክብረ ወሰኑን ከያዘ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1963 ብራያን ስተርንበርግ 5 ሜትር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ጆን ፔነል 5 ሜትር ከ20፤ በ1964 ጁላይ ፍሬድ ሃንሰን 5 ሜትር ከ28። በብረቱ ጊዜ በ18 ዓመት 3 ሳንቲ ሜትር ነበር ብዬ ነበር። እነሆ በአራት ዓመት 48 ሳንቲ ሜትር። የአሜሪካ ልጆች እግር በአራት ዓመት ውስጥ አልተለወጠም።

ከዚሁ ጋር አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። የታይዋኑ ያንግ ቹዋን ኳንግ በ1963 በዲካትሎን (በዐሥሩ ውድድር) ሲወዳደር በምርኩዝ 4 ሜትር ከ84 ዘለለ። ነጥብ የሚሰጠው ሠንጠረዥ ግን በዚያ ከፍታ ላይ አልቆ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሠንጠረዡ ተለወጠና የያንግ ብልጫ ተቀነሰ፤ በቶኪዮም ኦሊምፒክ አምስተኛ ወጣ። ዳኞች ለአዲስ መሣሪያ ሕግ ሲያወጡ ዕዳውን የሚከፍለው መጀመሪያ መሣሪያውን የያዘው ሰው መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የቶኪዮው ፍጻሜ ጥቅምት 7 ቀን 1957 ዓ.ም. የተደረገ ሲሆን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ውድድር አልታየም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት የተጀመረው ውድድር ከሌሊቱ አራት ሰዓት በኋላ አለቀ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ማለት ነው። አንድ ሰው ማራቶንን አራት ጊዜ ሊሮጥ በሚችልበት ጊዜ እነዚህ ሰዎች ብርድ ልብስ ለብሰው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ሃንሰን ከጀርመኖች ጋር ብቻውን ቀረ። መዝለቂያው 5 ሜትር ከ5 ሲደርስ ሃንሰን አልዘልም ብሎ አሳለፈው፤ ቮልፍጋንግ ራይንሃርት ግን ዘለለው። በዚያች ደቂቃ ወርቁ በጀርመኑ እጅ ነበረ። መዝለቂያው 5 ሜትር ከ10 ሲሆን ሃንሰን ሁለት ጊዜ አንኳኰተና ጣለ፤ በሦስተኛው ተሻገረ፤ ራይንሃርት አልተሳካለትም። ሦስተኛው ክላውስ ሌነርትስ 5 ሜትር ዘለለ። ነሐስ ያገኘው ሰው እንኳ የሮማውን ብራግ በ30 ሳንቲ ሜትር በለጠው። ከአራት ቀን በኋላ ጥቅምት 11 ሻምበል አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ፣ በዚህ ጊዜስ ጫማ አድርጎ፣ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ።

እዚህ ላይ ስለ ደንብ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የጥናቱን ፍሬ መተው ይሆንብኛል። ዓለም አቀፉ ደንብ ምርኩዝ ከማንኛውም ነገር ሊሠራ፣ ርዝመቱና ውፍረቱም የፈለገውን ያህል ሊሆን ይችላል ይላል፤ ላዩ ልስልስ መሆኑን ብቻ ይጠይቃል። በሌላ በኩል በ2020 የሩጫ ጫማ ሶል በመንገድ ውድድር ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይወፍር ተወሰነ። በ2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ የገባው ኢትዮጵያዊ ደራራ ሁሪሳ የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ውጤቱ ተሰረዘበት። ደንቡን መጣሱ እውነት ነውና ዳኞቹን አልወቅስም። ነገር ግን ስፖርት የአካል ፈተና ነው ከተባለ፣ ሯጭ ለ10 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ሲቀጣ ዘላይ 5 ሜትር ወንጭፍ እንዲይዝ መፈቀዱ በምን ሚዛን ነው? አንዳንዶች ምርኩዝ የስፖርቱ ባሕርይ ነው፣ ጫማ ግን አይደለም ብለው ይመልሱልኛል። ይህ መልስ ጥሩ ነው፤ ግን በ1972 በሙኒክ የሆነውን አይፈታም። በዚያ ዓመት አዲስ የወጣ የመስተዋት ምርኩዝ ታገደ፤ ከዚያ ተፈቀደ፤ ውድድሩ ሊጀመር ሲል እንደ ገና ታገደና የቦብ ሲግረን ምርኩዞች ተወሰዱ። ሲግረን በማያውቀው ምርኩዝ 5 ሜትር ከ40 ዘሎ ሁለተኛ ወጣ። የምሥራቅ ጀርመኑ ቮልፍጋንግ ኖርድቪግ በ5 ሜትር ከ50 አሸነፈ። ከ1896 ጀምሮ በየኦሊምፒኩ ያለማቋረጥ ሲያሸንፉ የኖሩት አሜሪካኖች ያን ቀን ተሸነፉ፤ ሲግረንም በመጨረሻ የተሰጠውን ምርኩዝ ላንድ የማኅበሩ ሹም አስረክቦ ሄደ። ስለ ዕቃ ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ጠብ ባልተነሣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ በቂ ተጽፎበታልና። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ባገኘበት በ1980 በሞስኮ፣ የፖላንዱ ቭላዲስላቭ ኮዛኪየቪች 5 ሜትር ከ78 በመዝለል ክብረ ወሰን አደረገ። ሰርጌ ቡብካ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ክብረ ወሰኑንም በአንድ አንድ ሳንቲ ሜትር እያሻሻለ 6 ሜትር ከ14 አደረሰው። ዱፕላንቲስ ሴፕቴምበር 2025 በቶኪዮ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 6 ሜትር ከ30 ዘልሏል።

የቡብካ 6 ሜትር ከ14 ግን አንድ የሚያቆመን ነገር አለው። ክብረ ወሰኑ የተደረገው በ1994 በጣልያን አገር ሴስትሪየር በምትባል ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ከፍ ባለች የተራራ ከተማ ነው። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ለአጭር ሩጫና ለዝላይ ይስማማል። በ1968 በሜክሲኮ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት ኦሊምፒክ፣ ሦስት ዘላዮች እኩል 5 ሜትር ከ40 ዘለው በሙከራ ብዛት ነው የተለዩት። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ የአዲስ አበባ ስታዲየም፣ የ2008 የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተደረገበት ሜዳ፣ ደግሞ ከ2300 ሜትር ያልፋል። ከፍታችን ለረጅም ሩጫ ሳንባ ስለሚያለማምድ ሁልጊዜ ይነገርለታል። ለዘላይ የሚሰጠውን ጥቅም ግን ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም።

እንግዲህ ወደ ጓደኛዬ አባባል ልመለስ። ለእርሱ የሚረዳ ክርክር የለም አልልም። ምርኩዝ ዘላይ የአጭር ሩጫ ፍጥነትና የክንድ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ በዓለም የታወቁት ሯጮቻችን ቀጭንና ቀላል ናቸው። ይሁን እንጂ እነርሱ የተመረጡት ለረጅም ሩጫ ስለ ሆነ ከእነርሱ ተነሥቶ ስለ ሕዝቡ ሁሉ መፍረድ፣ ካህናትን ብቻ አይቶ ያገሩ ሰው ሁሉ ዜማ ያውቃል እንደ ማለት ነው። በሜልበርን የተካፈለው የመጀመሪያው ቡድናችን ብስክሌተኞችና የአጭር ርቀት ሯጭ ነበሩት፤ ያ የአጭር ርቀት ሯጭ ንጉሤ ሮባ ነው፤ በኋላም የታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮቻችን አሠልጣኝ ሆነ። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁሉም መንገድ ክፍት ነበር። ከሮማ በኋላ ወርቅ የመጣበት መንገድ ሰፋ፤ ሌሎቹ ጠበቡ። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የበጀትና የተስፋ ነገር ነው።

አፍሪካ ለዚህ ስፖርት አልሆነችም የሚልም ካለ የደቡብ አፍሪካውን ኦከርት ብሪትስን ይመልከት። በ1995 በኮሎኝ 6 ሜትር ከ3 ዘሎ የአፍሪካን ክብረ ወሰን አደረገ። በ2003 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ 5 ሜትር ከ85 ዘሎ ብር አገኘ፤ ወርቁ ለጣልያናዊው ጁዜፔ ጂቢሊስኮ በ5 ሜትር ከ90 ሆነ። ያ ሻምፒዮና በአገራችን የሚታወሰው ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ስለሺ ስህን በ10 ሺህ ሜትር ተከታትለው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ በመውጣታቸው ነው። የብሪትስ ምሳሌ ሁለት ስለት አለው። የአፍሪካ ልጅ ሊዘል እንደሚችል ያሳያል፤ ነገር ግን አገሩ በዘር መድልዎ ዘመን ሜዳና ዕቃውን ለማን ሲሰጥ እንደ ኖረ የሚያውቅ ሰው፣ ዘላዩ ከየትኛው ወገን እንደ ተገኘ ሲሰማ አይደነቅም። እዚያም ወሳኙ ዕቃው ነበር።

ዕቃው ደግሞ ቀላል አይደለም። መንደርደሪያው ቢያንስ 40 ሜትር መሆን አለበት። ምርኩዙ የሚተከልበት ሣጥን 1 ሜትር ርዝመትና በመጨረሻው 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ትልቁ ወጪ ፍራሹ ነው፤ በትልቅ ውድድር ስፋቱ 6 ሜትር በ6 ሜትር ይሆናል። ምርኩዙም አንድ አይበቃም፤ ለዘላዩ ክብደትና ለችሎታው ዕድገት የሚስማማ በየጊዜው ይቀየራል። ለሯጭ ግን መንገድ ይበቃዋል፤ ከአቃቂ ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደውን መንገድ ማለዳ የሄደበት ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል።

ነገር ግን በመስተዋት ምርኩዝ መጀመር ግዴታ አይደለም። ዋርመርዳም በቀርከሃ 4 ሜትር ከ77 ደርሷል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ሰፊ የቀርከሃ ደን ያላት ናት። በቆላው፣ ለምሳሌ በአሶሳ በኩል፣ የሚበቅለው ሽመል ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ ይከብዳል፤ በአዊ፣ በሲዳማና በጉራጌ ደጋ የሚበቅለው ግን ውስጡ ክፍት ነውና ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ይህን ካነበብሁ በኋላ ባለፈው ክረምት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከደጋው ቀርከሃ 3 ሜትር ከ80 የሚሆን አንድ ገዛንና በአንጓዎቹ መካከል በፕላስተር ጠመጠምነው። አቃቂ ካለ የእንጨት ሥራ ቤት አምስት ጆንያ ሰጋቱራ ለመንን፤ በሣጥኑ ፈንታ መሬቱን ቆፍረን ጣውላ አስገባንበት። በመጀመሪያው ቀን ማንም 2 ሜትር አልተሻገረም። በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን ፈጣኑ፣ የኳስ ተጫዋች የሆነው፣ 2 ሜትር ከ60 ዘለለ፤ ከአቴናው ሆይት 70 ሳንቲ ሜትር የጐደለ ማለት ነው። በማግሥቱ ቀርከሃው ተሰነጠቀ። ስንጥቁ የጀመረው ከላይ አራተኛው አንጓ ሥር፣ ፕላስተሩ አልቆብን ባልጠመጠምንበት ቦታ ላይ ነበር።